ያለ ነፋስ የተነፋ ሸራ

የወንዝ ዳር ከተማዋ የኦስተርኪል ሰው አንድ ነገር መበላሸቱን ማወቅ የነበረበት ጥቅምት 14፣ ረቡዕ ማታ፣ የወደቡ ደወል ሳይደወል በቀረ ጊዜ ነው። ሽማግሌው ባረንት ታይስ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን፣ የማታዋን የእንፋሎት መርከብ ለመቀበል ያን ደወል ደውለዋል። በዶፍ ዝናብ ደውለዋል፤ ሚስታቸውን በቀበሩበት ቀን እንኳ ደውለዋል። ያን ዕለት ግን ደወሉ ዝም አለ። ከተማው በሙሉ ፖም ለቀማ ላይ ስለነበር፣ ሽማግሌው እንቅልፍ ጥሏቸው ይሆናል ተብሎ ታለፈ። በማግስቱ ጠዋት ሬሳቸው ከወደቡ ምሰሶዎች ሥር፣ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ ተገኘ።

መርማሪ ፖሊስ አብራም ኮኖቨር ሬሳው አጠገብ ተንበርክኮ ብዙ ቆየ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ አባቱ የሸራ መርከብ ሠራተኛ ስለነበር እዚያው ወደብ ላይ የባረንትን ደወል እየሰማ ነው ያደገው። አብረውት የመጡት ሰዎች ደሙን ያያሉ። እሱ ግን የሚያየው ከሬሳው ፈንጠር ብሎ የወደቀውን የታንኳ መሳቢያ መንጠቆ ነበር። ረጅሙ እጀታ ለሁለት ተሰብሯል፤ ስባሪው ላይ በቢላ የተቀረጹ ሁለት ፊደላት አሉ። የማን እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ አላስፈለገውም። ከልጅነቱ ጀምሮ ያን መንጠቆ በአንድ ሰው እጅ ላይ ሲያየው ኖሯል።

ሰውየው ሳምፕሰን ሃስብሩክ ይባላል፤ አሻጋሪ ነው። አያቱ የሃስብሩኮች ባሪያ ስለነበሩ ስሙ ከዚያ የመጣ ነው፤ እሱ ግን ነጻ ተወልዶ፣ በገዛ ታንኳው ሰው ከወንዙ ዳር ወደ ዳር ሲያሻግር የኖረ ጥቁር ሰው ነው። አብራም ዋና የተማረው ከእሱ ነው።

ሽማግሌው መቼ እንደተገደሉ ለማወቅ አብራም ብዙ አልደከመም። ወይዘሮ ሌንት የተባለች ጎረቤት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የፖም ቂጣ አምጥታላቸው ነበር፤ እሷ ፊት እየበሉ ቅርፊቱ ወፍሯል ብለው አናደዋታል። በአሥራ አንድ ሰዓት ደወሉ አልተደወለም። እንግዲህ ነገሩ የተፈጸመው በዚያች አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ከሸክላ ፋብሪካው አንድ ሰካራም የሽማግሌውን ፒፓ ይዞ ስለተገኘ ግማሽ ቀን በእሱ ጠፋ፤ በኋላ ግን ፒፓውን ሽማግሌው ራሳቸው ከሁለት ሳምንት በፊት እንደሰጡት ሦስት ሰዎች መሰከሩ።

ሳምፕሰን ሲጠየቅ አልደነገጠም። መንጠቆውን ሁልጊዜ ወደቡ ላይ ትቶት እንደሚሄድ፣ ማንም ሊያነሳው እንደሚችል ተናገረ። የዚያን ዕለት ጠዋት ሽማግሌው ታንኳውን የእንፋሎቷ መርከብ ቦታ ላይ አሰርክ ብለው ሰው ፊት እንደጮኹበትም አልካደም። እሳቸው ያልጮኹበት ሰው ካለ ይምጣና ይናገር አለ።

«ከዘጠኝ ተኩል እስከ አሥራ አንድ የት ነበርክ?» አለው አብራም።

«መሀል ወንዝ ያለችው ደሴት ጫፍ ላይ መልሕቅ ጥዬ ዓሣ ሳጠምድ።»

«ስንት ያዝክ?»

«ምንም።»

«ያን ያህል ሰዓት ተቀምጠህ?»

«አብራም፣ ባዶ እጁን የገባ ዓሣ አጥማጅ አይተህ አታውቅም? አባትህ እኮ በዚህ የታወቀ ነበር።»

አብራም አልሳቀም። ያየው ሰው እንዳለ ጠየቀው። ሳምፕሰን የካፒቴን ሉድሎ መርከብ ሸራዋን አውርዳ ከደሴቲቱ ጀርባ መልሕቅ ጥላ ቆማ እንደነበር፣ እዚያ ላይ የነበሩት አይተውት እንደሆነ እንደማያውቅ ነገረው። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገና፣ ከወንዙ ዳር ባለው ገደል አናት ላይ አንድ ነጭ ነገር እንደነበር፣ ትልቅ እንጉዳይ እንደሚመስል ጨመረ። አብራም ነገሩ ተረት መሰለውና ይጽፍበት የነበረውን እርሳስ አስቀመጠ።

ካፒቴን ሉድሎን ግን አብራም ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጠርጥሮታል። ኤልሚራ የምትባለው መርከቡ ጥቁር ጎኗ ላይ ቢጫ መስመር አላት፤ በወንዙ ላይ እንዲህ የተቀባች ሌላ የለችም። በበጋው ሉድሎ ሰክሮ መሪ ይዞ አንድ መርከበኛ ሰጥሞበታል፤ ሽማግሌው ባረንት ያን በዓይናቸው ስላዩ በሚቀጥለው ሰኞ በመሐላ ሊመሰክሩበት ነበር። ከዚህ የበለጠ ምክንያት ያለው ሰው በከተማው አይገኝም። ችግሩ ካፒቴኑ በዚያ ሰዓት ወደቡ ላይ አልነበረም መባሉ ነው።

«ሰባት ሰዓት ላይ ከወደቡ ስነሳ ግማሹ ከተማ አይቶኛል» አለ ሉድሎ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጎ። «አሥር ሰዓት ላይ ሸራዬን ዘርግቼ ደቡብ ራስ የሚባለውን የመሬት ጫፍ እያለፍኩ ነበር። የወንድሜን ልጅ ጠይቀው።»

«ነፋስ ነበር?»

«ወደቡ ላይ ላይኖር ይችላል። መሀል ወንዝ ላይ ነበር። አባትህ በሕይወት ቢኖር ይህን ጥያቄ ስትጠይቅ ያፍርብህ ነበር።»

የወንድሙ ልጅ፣ የመርከቧ ብቸኛ ሠራተኛ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይህንኑ ደገመ። ነፋስ በወንዝ ላይ እዚህ ጠፍቶ እዚያ ይገኛል፤ አልነበረም ብሎ የሚምል ሰው አልተገኘም። አብራም ገደሉ አናት ላይም ወጥቶ አየ። የተረገጠ ሣርና አንድ እራፊ ጨርቅ አገኘ፤ ጨርቁ በቢጫ ቀለም ተለውሷል። ገበሬ ጋሪውን ቀብቶ የጣለው መስሎት መሳቢያው ውስጥ ወረወረው። መንጠቆው የሳምፕሰን ስለሆነ፣ ያየው ሰውም ስላልተገኘ ቅዳሜ ዕለት አብራም ራሱ አሰረው።

ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። ወንዙ በረዶ ሆነ። የሳምፕሰን ሚስት ጁዲት በየቀኑ የበቆሎ ዳቦና የአሳማ ሥጋ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ እስር ቤቱ ትመጣለች፤ አብራምም በየቀኑ ጨርቁን ፈትቶ መፈተሽ አለበት። ሲፈታ ቆማ ታየዋለች። አንድ ቀን እንዲህ አለችው፤

«አቶ ኮኖቨር፣ ባለቤቴ ዋና ሲያስተምርዎት አንድ ጊዜ ብቻ እጁን ቢለቅ ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆመው ዳቦዬን አይፈትሹም ነበር። ያኔ ያልለቀቀ ሰው ነው አሁን ሽማግሌ ገደለ የሚሉኝ?»

አብራም ዳቦውን ጠቅልሎ መለሰላት።

መጋቢት ላይ ወሬው መጣ። ኦርሰን ታልማጅ የተባለ ሠዓሊ የኦስተርኪልን ወንዝ በጥቅምት እንደነበረ ሣለው፤ ሥዕሉ በኒውዮርክ ከተማ ለብቻው አዳራሽ ተሰጥቶት ሕዝብ እየተጋፋ ያየዋል ተባለ። አይተው የተመለሱት ሰዎች እንደ ድሮው አያወሩም። ሐኪሙ እያንዳንዱን ቅጠል መቁጠር ይቻላል አለ። ወይዘሮ ሌንት የገዛ አጥሯን አይታ አልቅሳለች። ከሁሉም በላይ ግን ባለ ቢጫ መስመሯ ኤልሚራ ሸራዋን ዘርግታ ደቡብ ራስን ስታልፍ ሥዕሉ ውስጥ አለች። አንድ ቅጠል ያልሳተ ሰው መርከብ አይስትም፤ ካፒቴኑ እውነቱን ነበር ብሎ ከተማው በአንድ ድምፅ ፈረደ። ጋዜጣው ሠዓሊው በፖም ለቀማው ሰሞን ገደሉ አናት ላይ ነጭ የፀሐይ ጥላ ዘርግቶ እንደሠራ ጽፏል። አብራም ያን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበው። መሳቢያውን ከፍቶ ቢጫውን እራፊ ኪሱ ከተተ። የሳምፕሰን ጉዳይ ሰኞ ሊታይ አራት ቀን ሲቀረው በባቡር ወደ ኒውዮርክ ሄደ።

አዳራሹ ጨለም ያለ ነው፤ መስኮቶቹ ሁሉ ተጋርደዋል። ከፊት ለፊት የግድግዳውን ወርድ የያዘ ከባድ ቀይ መጋረጃ ተሰቅሏል። ሰዎች ያንሾካሹካሉ፤ ወንበር ይንቋቋል። ከዚያ የጋዝ መብራቶቹ ፈካ አሉ፣ መጋረጃው ተገለጠ፤ ወሬው በሙሉ ጠፋ። ወንዶቹ ማንም ሳያዛቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አብራም ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ያ ወንዝ የእሱ ወንዝ ነው። ጠዋት ጠዋት ፊቱን የታጠበበት፣ አባቱን የቀበረበት ዳርቻ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አጠገቡ ኖሮ ለካ አንድም ቀን አላየውም። ምዕራባዊው ፀሐይ ደሴቲቱን ሙሉ በሙሉ አቃጥሏታል፤ ሜፕል የሚባሉት ዛፎች ቀልተዋል፣ ከኋላቸው ያሉት ወርቅ ሆነዋል። ውሃው ያን ሁሉ ተቀብሎ፣ አንዲት ቅጠል ሳይጥል፣ ገልብጦ ይመልሰዋል። ከሩቅ ያሉት ኮረብታዎች ሰማያዊ እየሆኑ ሄደው ከሰማዩ ጋር ይቀላቀላሉ። እግዚአብሔር ይህን በየዓመቱ ያደርገዋል፤ እኛም ፖም እንለቅማለን ብሎ አሰበ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አላፈረም።

ቆይቶ ነው ለምን እንደመጣ ያስታወሰው። ለተመልካች የሚሰጠውን ትንሽ መነጽር ወስዶ መርከቧን ፈለጋት። አለች። ቢጫው መስመር አለ፤ ሸራው ተነፍቷል፤ ካፒቴኑ እንዳለው ደቡብ ራስን እያለፈች ነው። በዚህ ሥዕል ፊት ቆሞ ሠዓሊው ዋሸ ለማለት የሚደፍር ሰው ከየት ይመጣል?

መነጽሩን ዝቅ ሲያደርግ የሜፕሎቹን ነጸብራቅ ውሃው ላይ ደግሞ አየ። መስታወት ነው። አንዲት ሽክርክሪት፣ አንዲት ጭረት የለችም። ወደ ሸራው ተመለሰ፤ ከዚያ ወደ ውሃው፤ ከዚያ ወደ ሸራው።

«ነፋስ የለም» አለ ጮክ ብሎ።

«ከየት ይመጣል ብለው ነው፤ መስኮቱ ሁሉ ዝግ እኮ ነው» አለችው አጠገቡ የተቀመጠች አሮጊት፣ ማራገቢያዋን እያነሳች።

አልሰማትም። መነጽሩ አሁን ደሴቲቱ ጫፍ ላይ ነው። እዚያ፣ ያ ሁሉ ቢጫ መሀል፣ አንዲት የጥፍር ያህል ቀይ ነገር አለች፤ በታንኳ የተቀመጠ ቀይ ሕንዳዊ፣ ራሱ ላይ ላባ የሰካ። በዚያ የወንዙ ክፍል ሕንዳዊ ከታየ መቶ ዓመት አልፎታል። ከታንኳዋ ጫፍ ቀጭን ገመድ ተወጥሮ ወደ ውሃው ይገባል። መልሕቅ ነው፤ ገመዱም የተወጠረው ወደ ደቡብ ነው። የወንዝ ልጅ ለሆነ ሰው ይህ እንደ ተጻፈ ቃል ይነበባል፤ የባሕሩ ሙላት ወደ ደቡብ የሚፈሰውን ወንዝ ወደ ሰሜን እየመለሰው ነበር። በዚህ ሰዓት፣ ያለ ነፋስ፣ የሚመለስ ውሃ እየገፋት፣ መርከብ ወደ ደቡብ አትሄድም። መልሕቋን ጥላ ውሃው እስኪዞር ትጠብቃለች። ሳምፕሰን ያለው ይህን ነው።

ሠዓሊው ታልማጅ ጢሙ ቀለም የነካው ትንሽ ሰውዬ ነው፤ የሥራ ክፍሉ ውስጥ ቁርስና ቡሩሽ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ስለ ሥዕሉ ሲወደስ ፊቱ በራ፤ ስለ ሸራው ሲጠየቅ ጠቆረ።

«ሥዕል ነው እንጂ የፍርድ ቤት ቃለ መሐላ አይደለም፣ ጌታዬ» አለ። «መርከቧ ራቁቷን ቆማ ነበር፤ ታሳዝናለች። ሸራ ዘረጋሁላት፤ ወደ ደቡብ ራስ አስጠጋኋት። የሸክላ ፋብሪካውንም አጥፍቼዋለሁ። ጭስ ግድግዳው ላይ የሚሰቅል ሰው የለም።»

«ሕንዳዊውስ?»

«ያ ሁሉ ቢጫ ያለ አንድ ቀይ አይደምቅም። ቀይ አስፈልጎኝ ነበር።»

«አስፈልጎዎት ነበር ወይስ እዚያው ነበር?»

አብራም ከኪሱ እራፊውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ታልማጅ አንስቶ አገላበጠው፤ የራሱ ቢጫ መሆኑን አወቀ። ተነስቶ ከመደርደሪያው አንድ ሳጥን አወረደና፣ ሁለት መዳፍ የማትሞላ ሰሌዳ አውጥቶ ሰጠው።

«ውጭ ተቀምጬ፣ ብርሃኑ ሳይሄድብኝ የምሠራው ይህን ነው። በእሱ ላይ አልዋሽም። ክረምቱን ሙሉ ትልቁን የምሠራው ይህን እያየሁ ነው፤ እሱ ከዋሸኝ ጠፋሁ።»

አብራም ሰሌዳዋን ወደ መስኮቱ ወሰዳት። በጥድፊያ የተቀባች ናት፤ ቅጠል የሚቆጠርባት አይደለችም። ግን የዚያ ቀን አየር ራሱ ውስጧ አለ፤ ከትልቁ ይልቅ ይህች አስፈራችው። የሸክላ ፋብሪካው ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ኤልሚራ ሸራዋን አውርዳ ከደሴቲቱ ጀርባ ቆማለች፤ ሁልጊዜ ከኋላዋ የምትጎትታት ትንሿ ጀልባ የለችም። ደሴቲቱ ጫፍ ላይ ታንኳ፣ ታንኳዋ ውስጥ ቀይ ሸሚዝ፤ ከሸሚዙ በላይ በአንድ ቡሩሽ ጫፍ የተነካ ጥቁር ፊት። ሰሌዳዋን ገለበጣት። ጀርባዋ ላይ በእርሳስ «ጥቅምት 14፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት። ፍጹም ጸጥታ» ይላል።

«ጥቁር ሰው ነው» አለ አብራም።

«አዎ። ደንበኞቼ ላባ ይወዳሉ።» ሠዓሊው ይህን ሲል ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር የሚያየው።

«ይህ ሰው ያለው ምስክር እርስዎ ብቻ ነዎት። ሰኞ ከተፈረደበት ይሰቀላል።»

ታልማጅ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ከዚያ ኮቱ የት እንዳለ ጠየቀ።

በኦስተርኪል በረዶው ገና መሰባበሩ ነበር። ካፒቴን ሉድሎ ኤልሚራ ላይ ሆኖ ገመድ ያስተካክላል፤ የወንድሙ ልጅ አጠገቡ ነው። በመርከቧ ክፍል ውስጥ ከጋዜጣ የተቆረጠ የሥዕሉ ቅጂ በምስማር ተመትቷል። አብራም ጠጋ ብሎ አየው፤ ሁለት ፖሊሶች ከኋላው ቆመዋል።

«ይህ ሥዕል እውነት ነው ትላለህ?»

«አገሩ ሁሉ ይላል፤ እኔ ማነኝ» አለ ሉድሎ እየሳቀ።

«እንግዲያው እናቱንም እይልኝ።» አብራም ትንሿን ሰሌዳ ከኮቱ ሥር አወጣት። «ይህች በዚያው ሰዓት እዚያው ገደሉ ላይ የተሠራች ናት። ሠዓሊው እኔ ቤት ተቀምጦ ሾርባ እየጠጣ ነው፤ ሰኞ ይምላል። ሸራህ ወርዷል። እሺ፣ ነፋስ ከዳህ እንበል። ጀልባህስ፣ ካፒቴን? አሥር ሰዓት ላይ ጀልባህ የት ነበረች?»

ሉድሎ ሰሌዳዋን ተቀብሎ ወደ ፊቱ አስጠጋት። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። የራሱን መርከብ ያያል፤ ያን ቀን ማንም የማያያት የመሰለችው መርከብ እያንዳንዷ ገመድ ቦታዋ ላይ ሆና ትጠብቀዋለች። የሚለው ነገር ሳይመጣለት የወንድሙ ልጅ ተናገረ።

«ገደሉ ላይ ነጭ ነገር አለ ብዬህ ነበር፣ አጎቴ። ስትወርድ ነግሬህ ነበር።»

«ዝም በል።»

«ክረምቱን ሙሉ ዝም አልኩ።» ልጁ ገመዱን ጥሎ ተቀመጠ።

የቀረውን እየቆራረጠ ራሱ ልጁ ነው የተናገረው። ነፋሱ ሲሞት ሉድሎ ከደሴቲቱ ጀርባ መልሕቅ ጣለ፤ በጀልባዋ የገደሉን ሥር ይዞ ወደ ወደቡ ቀዘፈ። ሽማግሌውን ከምስክርነቱ እንዲቀሩ ሊለምናቸው ነበር አሳቡ። ሽማግሌው አልለመንም አሉ፤ መንጠቆው ደግሞ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። ሉድሎ ይህ ሁሉ ሲነገር ዓይኑን ከሰሌዳዋ አላነሳም።

ሳምፕሰን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተፈታ። ጁዲት እስር ቤቱ በር ላይ ጠበቀችው፤ ዳቦ አልያዘችም። አብራም ሰሌዳዋን ይዞ ወጣ፤ ይቅርታ የሚለውን ቃል ሌሊቱን ሲለማመድ አድሮ በሩ ላይ ሲደርስ ጠፋበት። ዝም ብሎ ሰጣቸው። ሁለቱ ጭንቅላታቸውን አገናኝተው አዩዋት። ጁዲት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ሸሚዙን እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለች።

ሳምፕሰን ጣቱን ወደ ቀይዋ ነጥብ አስጠግቶ ሳይነካት መለሰ። «ያን ቀን በዓለም ላይ ብቻዬን የቀረሁ መስሎኝ ነበር» አለ። «ውሃው ዝም፣ ዛፉ ዝም። እንዲህ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም። ዓሣ ባለመያዜም አልተናደድኩም።»

«ኒውዮርክ ያለው ትልቁ ሥዕል ላይ ሕንዳዊ አድርጎሃል» አለው አብራም።

«ላባ አለኝ?»

«አንድ።»

ሳምፕሰን ሳቀ፤ ከአምስት ወር በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ሳቁን ጨርሶ አብራምን ቀና ብሎ አየው፤ አስተያየቱ ክፉ አልነበረም፣ ያም ነው የባሰው።

«ይህችን ነጥብ ለማየት ከተማ ድረስ ሄድክ» አለ። «እኔ ግን ፊት ለፊትህ ተቀምጬ ይህንኑ ነግሬህ ነበር፣ አብራም። መርከቧንም፣ ነጩንም ነገር። ያኔ ለምን አላየኸኝም?»

አብራም አንገቱን ደፋ። ባልና ሚስቱ ወደ ወደቡ መውረድ ጀመሩ፤ ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው፤ እሱም ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ተከተላቸው። ሳምፕሰን ታንኳውን ገለበጠ፣ ክረምቱን ሙሉ የተጠራቀመውን ቅጠል ጠረገ፣ ጁዲትን ደግፎ አስገባት። አብራም ዳር ላይ ቆሞ ቀረ።

ሳምፕሰን ተቀመጠ፤ እጆቹን እያየ ጣቶቹን አጠፋ፣ ዘረጋ። አምስት ወር መቅዘፊያ ያልያዙ እጆች ናቸው። ከዚያ አንዱን መቅዘፊያ አንስቶ ወደ አብራም ዘረጋለት።

«ግባ» አለው። «በዚያኛው በኩል ቅዘፍ።»